በቀይ ቀለም የተሞላው ገጽ

አንባቢዎቼ፣ የኔን ነገር ከመጀመሪያው ያልተከታተለ ካለ አይጨነቅ፤ ተነግሮ የሚያልቅ ነው። ስሜ ዓይናዲስ ነው። ሰቆጣ ከተማ ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ይሄይስ የሚባል የብራና ጸሐፊ እወዳለሁ፣ እሱም ይወደኛል። አባቱ ግን «መጀመሪያ ሰባት ቤቷን ትቁጠር» አሉ። እኔ ደግሞ ሰባቱን ተዉትና አንዱን እንኳ መቁጠር አልችልም።

በኛ አገር ልጅ ሲዳር የሁለቱም ዘር እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል፤ ደም ከተገናኘ ጋብቻው ይቀራል። የኔን ዘር የሚቆጥርልኝ ሰው የለም። በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ጦርነት ሸሽቶ ከሚጎርፍ ሕዝብ ጋር ሰቆጣ ስገባ ንዳድ ይዞኝ ነበር። ወለተ ገብርኤል የምትባል ጠላ ሻጭ ከመንገድ ዳር አንሥታ ሦስት ሳምንት አስታመመችኝ። ስነቃ የአባቴም፣ የአገሬም፣ የራሴም ስም ከራሴ ወጥቶ ጠፍቷል። ዓይኔን በገለጥኩበት ጠዋት እሷ ዓይናዲስ አለችኝ፤ እኔም እማዬ አልኳት። በዚሁ ተስማምተን አሥራ አራት ዓመት ኖርን።

ይህን ስላችሁ አንገቴን ደፍቼ የምሄድ እንዳይመስላችሁ። ደሴ ወርጄ የመምህርነት ሰርተፊኬቴን ይዤ ተመልሻለሁ። እማዬ ቤት ጠላ እየጠጣ ሊያሾፍብኝ የሞከረ ሁሉ ሒሳቡን ሳይጠየቅ ከፍሎ ነው የሚወጣው። ሰቆጣ ውስጥ በክርክር የረታኝ ሰው አልነበረም፤ ከአንድ ሰው በቀር። እሳቸውም የይሄይስ አባት፣ መሪጌታ ገብረ አማኑኤል ናቸው። የረቱኝም ሳያናግሩኝ ነው።

ይሄይስ በሚያዝያ «አባባ፣ ሽማግሌ ይላኩልኝ» ብሎ ጠየቃቸው። በግንቦት ላኩም። የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ግን እኔን ሊጠይቁ ሳይሆን ዘሬን ሊያጣሩ ነበር። እማዬ ወንበር ሰጥታ፣ ጠላውን ቀድታ፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ቆማለች።

«የኔታ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤» አሉ አንደኛው ጣሳቸውን እያዞሩ። «ታናሽ ወንድማቸው ምትኩ በዚያው በሰማንያ አንድ ከነሚስቱና ከሕፃን ልጁ ከደሃና ሲሸሽ ጠፍቷል። እንደው ይቺ ልጅ የምትኩ ልጅ ብትሆንስ? ወንድም እህቱን ሊያገባ ነው ወይ?»

እማዬ ከዚህ በላይ አላስጨረሰቻቸውም። «ጠላ ሻጭ ያሳደገቻት አታምረንም ማለት እንደዚህ ነው? ምን የሞተ ሰው ታስነሡብኛላችሁ!» ብላ ጣሳቸውን ከእጃቸው ነጥቃ አስወጣቻቸው። በአማርኛ የጀመረችውን ስድብ በኽምጣንኛ ጨረሰችው፤ እሱን አልተረጉምላችሁም።

እውነቱን ልናገርና እኔም ሰበብ ነው ብያለሁ። የደብር ሰው የጠላ ቤት ልጅ አይፈልግም፤ ይህን በግልጽ ማለት ነውር ስለሆነ የጠፋ ወንድም ተፈለገ። እንዲህ አሰብኩና ተናደድኩ። ከዚያ የባሰው ግን የይሄይስ ዝምታ ነው። ሦስት ሳምንት ድምፁ ጠፋ። በየሁለት ቀኑ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፉ ደብዳቤ የሚልክልኝ ሰው አንዲት መስመር እንኳ ነፈገኝ።

አንድ ቀን ብቻ በገበያው መንገድ አየሁት። ጫማው አቧራ ለብሷል፣ ፊቱ ከስቷል። ቆመ፤ እኔም ቆምኩ። ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። እኔ ያን ዓይን የወደድኩት መሬት ስለማያይ ነበር። ሳልሰናበተው ሄድኩ፤ ቤቴ እስክደርስ ድረስም አላለቀስኩም።

መጽሐፉ የመጣው በዚህ መሐል ነው።

ስለ መጽሐፉ ትንሽ ልንገራችሁ። ለተማሪዎቼ የጻፍኩት ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በግጥም የተነገረ የአንዲት ልጅ ታሪክ። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ጦርነት ጦርነት ይጫወታሉ፤ ሁልጊዜ ተኳሽ አለ፣ ሯጭ አለ፣ ድል አለ። ዕቃውን ጭኖ የሚሰደድ ግን የለም። ወላጆቻቸው ያዩትን አይነግሯቸውም። ስለዚህ እኔ ልንገራቸው ብዬ ሁለት ዓመት ጻፍኩ። ሲጀምር እንዲህ ይላል፦

በአህያ ጀርባ ላይ ተጭኗል ቤታችን፣
ድስትና ቁርበቱ፣ አንዲቷ ዶሯችን፤
እናቴ ከፊት ናት፣ እኔ ከኋላ ነኝ፣
«የት ነው የምንሄደው?» «ዝም በይ» አለችኝ።

ልጅቷ ማን እንደሆነች አላልኩም። ከንዳዱ በኋላ ራሴ ውስጥ የቀረው ይኸው ነው፤ አህያ፣ ዶሮ፣ የወለቀ ጥርሴ፣ የእናቴ ጀርባ። ፊቷ ግን አልቀረልኝም።

ዳይሬክተራችን ግጥሙን ወደዱት፤ በሰኔ ለወላጆች ቀን ልጆቹ ተቀባብለው እንዲያነቡት ወሰኑ። ማባዣ ማሽኑ ተበላሽቶ ነበርና ይሄይስ፣ ያኔ ገና ሳንኳረፍ፣ «እኔ በብራና እጽፈዋለሁ፤ የልጅ እጅ አይቀደውም» ብሎ ደብተሬን ወሰደ። ከዚያ ሽማግሌው መጣ፣ ከዚያ ዝምታው። የወላጆች ቀን ዋዜማ ላይ የደብሩ ዘበኛ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አምጥተው ሰጡኝ። አሥራ ስምንት ገጽ የፍየል ብራና ነው፤ በመቃ ብዕር የተጻፈ፣ ዳርና ዳሩ ሐረግ የተሣለበት። ከላዩ የታሸገ ደብዳቤ አለ።

ደብዳቤውን አልከፈትኩትም። ሦስት ሳምንት ዝም ያለ ሰው አንድ ቀን ይጠብቅ አልኩ። ስንብት ከሆነም በተማሪዎቼ ፊት ዓይኔ አብጦ መቆም አልፈለግሁም። ብራናውንም መስመር በመስመር ሳላነበው በማግስቱ ጠዋት ለልጆቹ በየተራቸው ከፋፈልኩ፤ ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ወተፍኩት። ኩራቴን እወደዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ዋጋ አስከፍሎኛል።

*

የወላጆች ቀን ጠዋት ግቢው ሞላ። ከፃግብጂ ድረስ በእግር የመጡ ወላጆች ነበሩ። ጸሎት እንዲያደርሱ የተጋበዙት መሪጌታ ገብረ አማኑኤል ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። እኔን ሲያዩ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡኝ፤ እኔም በቁመቴ ልክ ቆሜ እጅ ነሣሁ። እማዬ ሆን ብላ ከሳቸው ጎን ተቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለች። ይሄይስ ከኋላ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሟል። ዓይኑ ያን ቀን መሬት ላይ አልነበረም፤ እኔ ላይ ነበር። አንዳች ነገር እየጠየቀኝ እንደሆነ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ልጆቹ ማንበብ ጀመሩ። መጀመሪያ ወላጆች ፈገግ ብለው፣ የልጃቸውን ተራ እየጠበቁ ነበር የሚሰሙት። አራተኛው ገጽ ላይ ፈገግታው ቆመ። ልጅቷ ከአህያው ኋላ ስትሄድ፣ አውሮፕላን ሲመጣ፣ ሰው ወንዙ ዳር ሲበተን፣ የእናቷ ጀርባ ከሰው መሐል ሲጠፋ፣ ግቢው ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ የጥርሱ ገጽ መጣ፦

ጥርሴ ወለቀና ያዝኩት በመዳፌ፣
ጣሪያ እየፈለግሁ ስንት መንደር አልፌ፤
ቤት የሚባል ጠፋ፣ ሁሉም ተቃጥሎ፣
ጥርሴም አብሮኝ ሄደ በቋጠሮ ውሎ።

የወለቀ ጥርሱን ጣሪያ ላይ ያልወረወረ ልጅ ሰቆጣ ውስጥ የለም። ከወላጆች መሐል አንዲት ሴት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። የኔታ ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ሄዶ፣ መቋሚያቸውን ብቻ ያሻሉ።

ከዚያ የሻሽወርቅ ተነሣች፤ ከክፍሌ ሁሉ ድምፅ የሚጎላው የሷ ነው። የሷ ገጽ ሰው ሁሉ ልጅቷን «የማን ልጅ ነሽ?» እያለ የሚጠይቅበት ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ፣ ወታደሩ፣ ቄሱ፣
«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ፣ ሲሄዱ ሲመለሱ፤

እዚህ ላይ ደብተሬ ውስጥ ግማሽ ገጽ ባዶ ትቼ ነበር። የሚያነብ ልጅ ሁሉ የራሱን እናት አባት ስም እንዲጠራበት ነው። የሻሽወርቅም ይህን ታውቃለች፤ ስንለማመድ የአባቷን ስም እየጮኸች ትጠራ ነበር። አሁን ግን አላቆመችም። ብራናው ላይ የተጻፈውን አየች፣ ወደ እኔ ቀና አለች፣ ቀጠለች፦

የወልደ ሐዋርያት የልጅ ልጅ ነኝ እኔ፣
ብጠፋም በመንገድ አልጠፋም ወገኔ፤
መንግሥቴ፣ እንዳለው፣ ተስፋው፣ ምንዋጋው፣
ዓለምብርሃን ድረስ ስማቸውም ይኸው።

እነዚህን ስሞች አውቃቸዋለሁ። ይሄይስ አንድ ከሰዓት በኋላ በጣቱ እየቆጠረ አስተምሮኛል፤ የራሱ ሰባት ቤት ናቸው። ወልደ ሐዋርያት የኔታን የወለዱ አባት ናቸው።

መቋሚያው መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። የኔታ ቆመዋል። እጃቸው ወደ እኔ ተዘርግቷል።

«ምትኩ!» አሉ። «የምትኩ ልጅ! አባቷን ረስታ አያቶቿን አልረሳችም! ልጄ ነሽ! የወንድሜ ልጅ ነሽ!»

ትከሻዬን ያዙኝ፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ እጄን ሳሙኝ። ያ ዜማ ሲያደርስ ደብሩን የሚሞላው ድምፅ እንደ ልጅ ተሰነጠቀ። «አሥራ አራት ዓመት በደጃፌ ስታልፊ! ጌታዬ ሆይ፣ በደጃፌ ስታልፊ!» ወላጆች እልል አሉ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ ይተቃቀፋል።

እኔ ብቻ ነበርኩ የማላለቅሰው። የየሻሽወርቅን ገጽ ከእጇ ወሰድኩ። ስሞቹ በቀይ ቀለም ተጽፈዋል፣ በይሄይስ እጅ።

አንባቢዎቼ፣ ያቺን ደቂቃ ሳልሸፍን ልንገራችሁ። የመጣልኝ የመጀመሪያ ሐሳብ «ተገላገለኝ» የሚል ነው። እህቴ ነሽ ብሎ፣ በቀይ ቀለም ጽፎ፣ በአገር ፊት አስነብቦ ተገላገለኝ አልኩ። ደብዳቤውም ይኸው ይሆናል አልኩ። ሁለተኛው ሐሳብ ግን ከዚህም የባሰ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘኋቸው ስሞች በእግራቸው መጥተዋል። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት፤ በበዓል ቀን የምሄድበት ቤት፤ የሚቆጣኝ አጎት። ምንም መዋሸት አይጠበቅብኝም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃኛል። ዝም ካልኩ ይሄይስን አጣለሁ፤ እሱ ደግሞ አስቀድሞ የተወኝ መስሎኛል። ታዲያ ምን ቀረኝ?

የኔታን አየኋቸው። ሽማግሌዎቹ የነገሩን ሰበብ አልነበረም። አንድ ሰው በሰበብ እንዲህ አያለቅስም። እኚህ ሰው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በመንገድ ያለፈችን ልጅ ሁሉ ፊቷን ሲመረምሩ ኖረዋል። እኔ ንቀት ያልኩት ይህን ነበር። አፈርኩ።

«የኔታ፤» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጠንካራ ሆኖ ወጣ። «የምትኩ ልጅ ስትጠፋ ስንት ዓመቷ ነበር?»

«ሦስት። ለግንቦት ልደታ ሦስት ሞልቷት ነበር።»

«ጥርሷስ?»

ሳቁ። «ጥርሷማ! ከኔ ጋር ቆሎ ትቆረጥም የለም እንዴ! አንዱም አልጎደለ…»

እዚህ ላይ ልባቸው ግጥሙን ወደ ኋላ ሲመልሰው ከፊታቸው ላይ አየሁ። አላቆምኩም፤ ቢላዋ ከገባ ቶሎ መውጣት አለበት።

«የኔ ጥርስ በዚያ መንገድ ላይ ወልቋል፣ የኔታ። ልጆቹ ያነበቡት የኔን ነው። በዚያን ጊዜ ስድስት ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነበር ማለት ነው። ይህን ቀዩን ግን እኔ አልጻፍኩትም። እኔ ባዶ ነው የተውኩት። የወንድምዎ ልጅ አይደለሁም። ብሆን ደስ ባለኝ።»

እማዬ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «እውነቷን ነው። ሳገኛት ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ነበር።» ከኋላዋ ወደተቀመጡት ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞራ ደግሞ፣ እያለቀሰችም ቢሆን፣ «ሰባት ቤቷን እንጅ ጥርሷን ማን ጠየቀኝ!» አለቻቸው።

ይሄይስ ከሰው መሐል ወጥቶ መጣ። አባቱ እግር ሥር ተንበረከከ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አባባ። እሷ አታውቅም።»

የኔታ እጆቻቸውን ከትከሻዬ አነሡ፤ አንዱን አስቀድመው፣ ሌላውን ቆይተው። ልጃቸውን አልተቆጡም። አንድ ሰው መቋሚያቸውን አንሥቶ ሰጣቸው። ተቀበሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ አሉ፣ ቀስ ብለው በግቢው በር ወጡ። እልል ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። እኔ እውነት ተናግሬ ሳበቃ ከሽማግሌ እጅ ልጅ የነጠቅሁ መሰለኝ።

*

ደብዳቤውን የከፈትኩት ባዶው ክፍሌ ውስጥ፣ የልጆቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ከውስጡ በወረቀት የተጠቀለለ ትንሽ ምላጭ ወደቀ።

«ዓይናዲስ፣» ይላል። «ዝም ያልኩት ትቼሽ አይደለም። ደሃና ወርጄ የአጎቴን ጎረቤቶች ስፈልግ ነበር፤ አንድ ሰው የልጅቷን መልክ ቢነግረኝና አንቺ አለመሆንሽን ቢያውቅልኝ ብዬ። ባዶ እጄን ተመለስኩ። ባዶ እጄን ደግሞ ምን ብዬ ላናግርሽ? ገበያ ላይ ያየሽኝ የተመለስኩ ዕለት ነው።

«አሁን ይቅርታሽን ልለምን። መጽሐፍሽ ውስጥ ባዶ ቦታ አገኘሁ። በኛ ሙያ የጸሎት መጽሐፍ ላይ ባዶ የሚተወው የባለቤቱ ስም በቀይ እንዲገባበት ነው፤ እጄ የለመደው እሱን ነው። የማን ልጅ ነሽ እያሏት ያለ ዘመድ ላቆማት አልቻልኩም። ስለዚህ የኔን አያቶች አዋስኳት። የአባቴን ስም ባስገባ እህቴ ትሆናለች ብዬ እሱን ዘለልኩት። ከመነበቡ በፊት እይው። ካልወደድሽው ምላጩ ይኸው፤ ብራና ሲፋቅ ጠባሳ አይዝም።»

የአባቱን ስም መዝለሉን ሳነብ ሳቅሁ። እህት እንዳልሆንበት ብሎ የአጎቱን ልጅ አደረገኝ! እንዲህ ያለ ሞኝነት የሚችለው ሰባት ቤቱን በቃሉ ሲቆጥር ያደገ ሰው ብቻ ነው። ስስቅ ስስቅ ዕንባዬ ወረደ፤ ለሦስት ሳምንት የያዝኩት ሁሉ ወረደ።

ቀና ስል በሩ ላይ ቆሟል።

«አላነበብሽውም ነበር፤» አለ።

«አላነበብኩም። ኩራተኛ ነኝ፤ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«አንተ ደግሞ ሳትጠይቅ ሞላህ። እኔ ያን ቦታ ባዶ የተውኩት ረስቼ አይደለም፣ ይሄይስ። ልጆቹ የራሳቸውን እንዲጠሩበት ነው። የኔ ባዶ ደግሞ የኔ ነው፤ አላፍርበትም። ማን ሸፍንልኝ አለህ?»

«ማንም።» ቀረብ ብሎ ከፊቴ ካለው አግዳሚ ተቀመጠ፤ ለሁለተኛ ክፍል ልጅ በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቱ አገጩ ሥር ደረሰ። «ዓይናዲስ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከጠላሽኝም ጥዪኝ። አባቴ እንደዚያ ሲስቁ አጎቴ ከጠፋ ወዲህ አላየሁም። አንደበቴ ተያዘ። አንቺ ባትናገሪ እኔ እናገር ነበር ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ምናልባት አንቺን ለሳቸው ሰጥቼ ዕድሜ ልኬን እበግን ነበር።»

ሌላ ወንድ ቢሆን ልናገር ስል ቀደምሽኝ ይል ነበር። እሱ ግን ደካማነቱን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠው፣ ዓይኔንም እያየ ነበር። ከምወደው በላይ የወደድኩት ያን ጊዜ ነው። እጁን ያዝኩ፤ ቀዩ ቀለም ከጥፍሩ ሥር ገና አልለቀቀም።

«እወድሃለሁ፤» አልኩት። «አባትህ እሺ ባይሉም እወድሃለሁ። ሁለተኛ ግን እኔን ሳትጠይቅ እኔን አትጻፈኝ።»

«አልጽፍም፤» አለ። «አባቴ ግን ከእንግዲህ ስምሽን መስማት የሚችሉ አይመስለኝም።»

እኔም አልመሰለኝም። እጁን ሳለቅ ይህ የመጨረሻችን ሊሆን እንደሚችል ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

*

በማግስቱ ጠዋት እማዬ ጋኗን ታጥባለች፣ እኔ ጌሾ እለቅማለሁ። በሩ ጨለም አለ። ቀና ስንል የኔታ ናቸው፤ ይሄይስ ከኋላቸው ቆሟል። አንድ መሪጌታ ጠላ ቤት ደጃፍ ቆመው! የመንደሩ ሴት ሁሉ ከየበሩ ብቅ ብቅ አለ።

«ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል፣ ይግቡ አይሉኝም?» አሉ።

እማዬ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ወንበሩን በነጠላዋ ጠረገች፤ ሌላ የምትጠርገው ስታጣ ቆማ ቀረች። የኔታ ገብተው ተቀመጡ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ እንዳልተኙ ያስታውቃል።

«ሽማግሌ ልልክ ነበር፤» አሉ። «ባለፈው የላክኋቸው ምን እንደደረሰባቸው ሰማሁ። ደግሞም ይህ በሰው አፍ የሚላክ አይደለም። ራሴ መጣሁ። ልጅዎን ለልጄ ይስጡኝ።»

እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ስትመኘው የኖረችውን ቃል ሰምታ፣ እንዲያው በዋዛ አልሰጥም ብላ አገጯን ቀና አደረገች። «ሰባት ቤቱስ፣ የኔታ?»

«ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ትናንት ዘመድ አደረግሁሽ። አገር እልል አለልሽ። ዝም ብትይ ይበቃሽ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ እሞት ነበር። አንች ግን አይደለሁም አልሽኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ልቁጠር?»

ይሄይስ ከበሩ ላይ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። መሮጥ፣ መጮህ፣ መዝለል ነበረብኝ። ስንት ወር ከእኚህ ሽማግሌ ጋር በሐሳቤ ስከራከር ኖሬ ረትቻለሁ፤ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ሳያቸው ግን ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተውኩት። ለኔ የተሰጠኝ ደስታ የሳቸው ልጅ ስላልሆንኩ የመጣ ነው። የሳቸው ልጅ ዛሬም አልተገኘችም።

አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«የኔታ፣ ስሟ ማን ነበር?»

«ጥሩሐረግ፤» አሉ። ይሄይስ ደንግጦ አያቸው፤ ልጅቷ ከጠፋች ወዲህ ይህን ስም ከአባቱ አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። አንዴ ከወጣላቸው ግን የሚያቆማቸው ጠፋ። መቋሚያቸውን ጎትታ እየወሰደች ከእህል ጎታ ኋላ ትደብቅባቸው ነበር አሉ። ማሕሌት ሲቆሙ እሷም ከወለሉ ላይ ትወዛወዝ ነበር። ቆሎ ስትበላ ለሳቸው የምታጎርሳቸው አንድ አንድ ፍሬ ብቻ ነበር፤ ሁለት ጠይቀው አግኝተው አያውቁም። ሲናገሩ ይስቃሉ፣ ሲስቁ ዕንባቸው በጢማቸው ይወርዳል። እማዬም ጋኗን ረስታ ትሰማለች። እኔ ያላየኋትን ልጅ በዓይኔ አየኋት፤ ለራሴ ከተመኘሁት ሁሉ አስበልጬም እንድትኖር ተመኘሁ።

«የኔታ፣ በሕይወት ትኖር ይሆን?» አልኩ። ካልኩ በኋላ ምላሴን ልነክሰው ደረስኩ።

አልተቆጡም። እኔን አዩ፣ ጋኗን አዩ፣ ከመንገድ አንሥታ ያሳደገችኝን ሴት አዩ፣ ተመልሰው እኔን አዩ።

«አንችስ ኖረሽ የለ?» አሉኝ።